«ዘ ኢቪል ዴድ»፦ ስለ ፊልሙና ስለ አሠራሩ ለጠየቃችሁን

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ፊልም ላይ ነው። ይህም አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሳም ሬይሚ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ ቀረጻውን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሕዝብ ያሳየው «ዘ ኢቪል ዴድ» የተሰኘው አስፈሪ ፊልም ነው። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀምጠናል፤ የጠያቂዎችንም ስም ትተናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ፊልሙን ሰዎች ሲያደንቁት ሰምቼ ተመለከትኩት፤ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ግን አቃተኝ። ደም በየግድግዳው ይረጫል፣ አካል ይቆራረጣል፣ ሜካፑም አንዳንድ ቦታ ሰው ሠራሽ መሆኑ በግልጽ ያስታውቃል። ታሪኩ አንድ ገጽ አይሞላም። ታዲያ እንዲህ ያለ ፊልም ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ ትልቅ ሥራ የሚነሣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ስለ ታሪኩ ያሉት ትክክል ነው። አምስት የሚሺጋን ተማሪዎች የዕረፍት ቀናቸውን ለማሳለፍ በቴነሲ ጫካ ውስጥ ወደሚገኝ አሮጌ የእንጨት ቤት ይሄዳሉ፤ ከቤቱ ምድር ቤት በሰው ቆዳ የተለበጠ መጽሐፍና አንድ ቴፕ ያገኛሉ፤ ቴፑን ሲከፍቱት የጥንት ቅርስ ተመራማሪ የነበረ ሰው የቀዳው ድግምት ይሰማል፤ ድግምቱም በጫካው የተኛውን ክፉ መንፈስ ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ በኋላ መንፈሱ ወጣቶቹን አንድ በአንድ እየያዘ እርስ በርሳቸው ያፋጃቸዋል። መንፈሱ የያዘውን ሰው ማቆም የሚቻለው አካሉን በመቆራረጥ ብቻ እንደሆነ ስለተነገረ፣ ደሙ የሚጎርፈው ታሪኩ ራሱ ባወጣው ሕግ ነው። ተዋናዮቹ ከብሩስ ካምቤል በስተቀር በአብዛኛው ለካሜራ እንግዳ እንደነበሩም ያስታውቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ንግግር ደረቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የፊልሙ ወዳጅ አላጋጠመንም።

ሬይሚ ከዚህ ቀጭን ታሪክ ያወጣውን ነገር ለማየት ግን ደሙን ለጊዜው ትቶ ካሜራውን መከተል ያስፈልጋል። በጫካው ውስጥ የሚኖረው ክፉ ኃይል በፊልሙ ውስጥ መልክ የለውም፤ ተመልካቹ በራሱ በክፉው ኃይል ዓይን እንዲያይ ይደረጋል። ካሜራው ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል በግንድና በቅጠል መካከል እየተሹለከለከ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል፤ አብሮትም ሰው ይሁን አውሬ ለመለየት የሚያስቸግር የማጉረምረም ድምፅ ይመጣል። ለዚህ የሚያገለግለውን ውድ መሣሪያ ለመከራየት አቅም ስላልነበራቸው ካሜራውን ረጅም ጣውላ መካከል ላይ አስረው፣ ሁለት ሰዎች የጣውላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው በጫካው ውስጥ እንዲሮጡ አደረጉ። ጣውላው ረጅም በመሆኑ የሯጮቹን እርምጃ ንዝረት በከፊል ይውጠዋል፤ የቀረው ንዝረት ደግሞ ምስሉን ሕይወት ያለው ፍጡር የሚያየው ያስመስለዋል። በፊልሙ መዝጊያ ላይ ይኸው ዓይን ከጫካው ተነሥቶ ከቤቱ ጀርባ ይገባል፣ በሮቹን እየበረገደ ክፍሎቹን ያቋርጣል፣ በፊት ለፊት በር ወጥቶ በሕይወት የተረፈው፣ ካምቤል የሚጫወተው አሽ ዞር ብሎ ሲጮኽ ፊቱ ላይ ይደርሳል። በዚህ ትዕይንት አንዲት ጠብታ ደም አይፈስስም፤ ከፊልሙ ሁሉ የሚያስፈራው ግን እርሱ ይመስለናል።

ጠያቂያችን ፊልሙን እንደገና ለማየት ከደፈሩ የእርሳሱን ትዕይንት ልብ እንዲሉት እንጠይቃለን። ሼሪል የተባለችው ወጣት መንፈሱ እንደያዛት አብራት የመጣችውን የሊንዳን ቁርጭምጭሚት በእርሳስ ትወጋና እርሳሱን በቁስሉ ውስጥ ታሽከረክረዋለች። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቁስሎች ሁሉ ከዚህ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ መጥረቢያ ሰውነቱን ነክቶት የማያውቅ ተመልካች እንኳ የእርሳስ ጫፍ ምን ያህል ሹል እንደሆነ ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ የሚሰቀጥጠውም ሕመሙን በገዛ እግሩ ላይ መገመት ስለሚችል ነው። ሬይሚ ይህን ትንሽ ቁስል ከትልልቆቹ በፊት ማስቀመጡ ዳይሬክተሩ ተመልካቹን ምን ያህል እንዳጠናው ያሳያል። ወደ መጨረሻው ደግሞ አሽ ለብቻው ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ከቧንቧዎቹ ደም ይንዠቀዠቃል፣ የተንጠለጠለው አምፖል ውስጡ ደም ይሞላል፣ አሮጌ የፊልም ማሳያ መሣሪያ በራሱ ተነሥቶ ይበራል። እዚህ ላይ ደሙ የማንም ሰው ደም መሆኑ ያበቃል፤ ቤቱ ራሱ እንደታመመ ሰው ይደማል። ሆድ የሚያገላብጠውን ነገር ወደ ቅዠት የመቀየር ችሎታ በሌሎች የዘመኑ ርካሽ አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የዚህን ፊልም ዕድሜ ያረዘመውም ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ዝናው የጀመረበት መንገድም ሊታወቅ ይገባል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1981 በዲትሮይት ከተማ በሬድፎርድ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ርእሱ «የሙታን መጽሐፍ» ነበር። የሽያጭ ወኪሉ ኧርቪን ሻፒሮ አዲሱን ርእስ እንዲይዝ መከረ፤ በ1982ም በፈረንሳይ ካን ከተማ በሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል ላይ እንዲታይ አደረገ። እዚያ የተመለከተው ታዋቂው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ በጽሑፍ አጥብቆ ስላደነቀው ፊልሙ እስከዚያ ተዘግተውበት የነበሩ በሮች ይከፈቱለት ጀመር፤ በ1983ም ኒው ላይን ሲኒማ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ አከፋፈለው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ እዚህ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። በዕድሜ ጠና ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ይህ ፊልም በእንግሊዝ ታግዶ እንደነበር፣ ካሴቱንም ፖሊስ ይሰበስብ እንደነበር ይናገራሉ። እውነት ነውን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን ትንሽ የተወሳሰበ ነበር። ፓላስ ፒክቸርስ የተባለው አከፋፋይ ፊልሙን በ1983 መጀመሪያ ላይ በሲኒማ ቤትና በቪዲዮ ካሴት በአንድ ጊዜ አወጣው። ለሲኒማ ቤት የቀረበውን ቅጂ የሀገሪቱ የፊልም መርማሪ ቦርድ 49 ሴኮንድ ያህል አስቆርጦ ፈቅዶታል። ካሴቱ በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ከሁሉ በላይ ከተሸጡት ወገን ሆነ፤ ጠቡም የመጣው በዚሁ ነው። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ካሴት አስቀድሞ የሚመረመርበት ሕግ ስላልነበረ፣ ለሲኒማ የማይፈቀድ ፊልም ሁሉ በየሰፈሩ ኪራይ ቤት መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችል ነበር። ጋዜጦችና የሥነ ምግባር ተቆርቋሪዎች «የቪዲዮ ቆሻሻ» እያሉ ዘመቻ ከፈቱ፤ ከዘመቻው መሪዎች አንዷ የነበሩት ሜሪ ዋይትሃውስ ይህን ፊልም ከቆሻሻዎቹ ሁሉ በአንደኝነት አስቀመጡት። ፊልሙ በዐቃቤ ሕግ የክስ ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ፖሊስም ካሴቶችን ከሱቆች ወሰደ፤ ባልደረቦችዎ የሚያስታውሱት ይህን መሆን አለበት። በ1984 የወጣው የቪዲዮ ቅጂዎች ሕግ ማንኛውም ካሴት ከመሸጡ በፊት ተመርምሮ የዕድሜ ደረጃ እንዲሰጠው አስገደደ። ፊልሙ በ1990 ተጨማሪ ተቆርጦለት በቪዲዮ ተመለሰ፤ አንድም ነገር ያልተነካበት ቅጂ ግን እስከ 2001 ድረስ አልተፈቀደም።

በእኛ አስተያየት የቁጣው ሁሉ ምንጭ ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ሲኒማ ቤት በር ላይ የልጅን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ይቆማል፤ ሳሎን ውስጥ የሚቆመው ወላጅ ብቻ ነው። ቤተሰቦች ያለ መረጃ ካሴት ይዘው ወደ ቤት ይገቡ የነበረ በመሆኑ፣ የተቆርቋሪዎቹ ፍርሃት መሠረት ነበረው፤ ሱቅ ማስፈተሽና ባለ ሱቅ መክሰስ ግን ለዚያ ፍርሃት የተመጠነ መልስ አልነበረም። የዕድሜ ምልክቱ በካሴቱ ላይ መለጠፉ ያለ ክሱም ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ አንዲት እናት)፦ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ይህን ፊልም ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ። «የድሮ ፊልም ነው፣ የሚያስቅ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም» ይላል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ እኅታችን፣ በእኛ ምክር አይፍቀዱለት። በአሜሪካ ደረጃ አሰጣጥ ፊልሙ አሥራ ሰባት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ አይፈቀድም፤ በእንግሊዝም ለአሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ነው። ልጅዎ የሚያስቅ መሆኑን የሰማው ምናልባት በ1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ሆን ብሎ ሳቅ የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያው እንደዚያ አይደለም።

ስለ ደሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሳችን ይህን ያህል ቁርጥ ያለ ባልሆነ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሼሪል ሌሊት ወደ ጫካው በወጣችበት ወቅት የዛፎቹ ሐረጎች ይዘው እርሷን የሚደፍሩበት ትዕይንት አለ። ትዕይንቱ ጭካኔ የሞላበት ሲሆን፣ ሬይሚ ራሱ ከዓመታት በኋላ ሳያስፈልግ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ተናግሮ ተጸጽቶበታል። እኛም ፊልሙን የምናከብር ሰዎች ሆነን ስለዚህ ትዕይንት የምናቀርበው መከላከያ የለንም፤ ተቆርጦ ቢወጣ ፊልሙ አንዳች አይጎድልበትም። በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ሊያየው አይገባም።

ይሁን እንጂ ልጅዎ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የማወቅ ጉጉት ካለው ያንን ጉጉት አይንፈጉት። ሰው ሠራሽ ቁስልና ጭምብል አሠራርን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በብዛት አሉ፤ አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ቢመለከቱ መልካም ነው። ሐሰተኛ ደም በድስት ሲፈላ ያየ ልጅ በማያ ገጽ የሚያየውን ሁሉ በሌላ ዓይን መመርመር ይለምዳል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ተከታታዮቹን በየትኛው ቅደም ተከተል ልመልከት?

መልስ፦ በወጡበት ቅደም ተከተል፦ የ1981ዱ፣ የ1987ቱ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያም በ1992 የወጣውና አሽን ወደ መካከለኛው ዘመን የሚወስደው «አርሚ ኦፍ ዳርክነስ»። በ2013 ፌዴ አልቫሬዝ ያዘጋጀው አዲስ ቅጂና በ2023 ሊ ክሮኒን ያዘጋጀው ለብቻቸውም ሊታዩ ይችላሉ። ጊዜዎ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ በዕደ ጥበብም በምናብም የሚበልጠው እርሱ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የፊልም ሥራ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ የሚያልቅ አስፈሪ ፊልም ስክሪፕት ጽፈናል፤ ገንዘብ ግን የለንም። ሬይሚና ጓደኞቹ ገንዘቡን ከየት አመጡት? ደሙንስ በምን ሠሩት? እኛስ እንደነሱ ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ለእርስዎ ረዘም አድርገን የምንመልሰው ፊልሙ ከማንም ይልቅ እንደ እርስዎ ላሉ ወጣቶች ትምህርት አለው ብለን ስለምናምን ነው።

ሬይሚ፣ ብሩስ ካምቤልና ፕሮዲውሰሩ ሮብ ታፐርት ገንዘብ ከመለመናቸው በፊት የሠሩት ነገር ነበራቸው። ከጉርምስናቸው ጀምሮ ሱፐር 8 በተባለው አነስተኛ የቤት ፊልም ካሜራ አጫጭር ፊልሞችን ሲቀርጹ ኖረዋል፤ በ1978ም በ1,600 ዶላር ገደማ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ «ዊዚን ዘ ዉድስ» የተባለ አስፈሪ ፊልም ሠሩ። ይህን ይዘው ወደ ጥርስ ሐኪሞች፣ ወደ ጠበቆችና ወደ ነጋዴዎች እየሄዱ «የምንሠራው ይህን የመሰለ፣ ግን ትልቅ ነው» አሉ። በዚህ መንገድ ወደ 90 ሺህ ዶላር ገደማ አሰባስበው ቀረጻ ጀመሩ። ወጪው ግን እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አኃዝ 375 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ካምቤል ፊልሙ እንዲጠናቀቅና ከተቀረጸበት የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ለሲኒማ ቤት ወደሚያገለግለው 35 ሚሊ ሜትር እንዲገለበጥ በሰሜን ሚሺጋን ያለውን የቤተሰቡን ንብረት በመያዣነት አስይዟል። ይህን የምንነግርዎ እንዲያደርጉት አይደለም። የወላጅ ቤት በፊልም አይያዝም፤ ለካምቤል ስለተሳካለት ታሪኩ ዛሬ ደስ ብሎን ይወራል፣ ባይሳካለት ኖሮ የሚያወራው ሰው አይገኝም ነበር። ከእነርሱ የሚወሰደው ገንዘብ ያለው ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር ይዞ መቅረብ ነው፤ ለዚህም አሥር ደቂቃ በሞባይል ተቀርጾ በጥንቃቄ የተቀናበረ ትዕይንት ከወፍራም የፕሮጀክት ሰነድ ይሻላል። የፊልሙ ኤዲተር ኤድና ሩት ፖል ረዳት የነበረው ጆኤል ኮኤን ይህንኑ ዘዴ ከእነሬይሚ ተምሮ ከወንድሙ ጋር «ብለድ ሲምፕል» ለተባለው የመጀመሪያ ፊልማቸው አጭር ማስተዋወቂያ ቀድመው በመሥራት ገንዘብ ሰብስበውበታል።

ቀረጻው የተካሄደው በሞሪስታውን፣ ቴነሲ አቅራቢያ በነበረ የተተወ ቤት ሲሆን፣ በኅዳር 1979 ተጀምሮ ወደ 1980 መጀመሪያ ተሸጋግሯል። ከታቀደው ጊዜ በላይ ስለተራዘመ አብዛኞቹ ተዋናዮች ሥራው ሳያልቅ ሄዱ። ሬይሚ የቀሩትን ትዕይንቶች ወንድሙንና የቀረጻ ጓደኞቹን በጀርባ፣ በእጅ ወይም በጭምብል ብቻ እያሳየ ጨረሰ። ብርዱ እጅግ ስለጸና በመጨረሻዎቹ ቀናት ለመሞቅ የቤቱን ዕቃ እያነደዱ ነበር። እርስዎም ስክሪፕቱን ሲያዘጋጁ ተዋናይ ሊሄድ እንደሚችል ከወዲሁ ያስቡ፤ ፊት የሚታይባቸውን ትዕይንቶች ሁሉ አስቀድመው ይቅረጹ፣ ከጀርባ ወይም ከእጅ የሚወሰዱትን ለመጨረሻ ያቆዩ።

ደሙን የሠራው የኢፌክት ባለሙያው ቶም ሱሊቫን ነው። መሠረቱ የበቆሎ ሽሮፕና የምግብ ቀለም ሲሆን፣ ሱሊቫን ቡና ጨምሮበታል። ቡናው የቀለሙን ብሩህነት ስለሚሰብረው የተሻለ ደም ያስመስለዋል። የበቆሎ ሽሮፕ በቀላሉ ካላገኙ ስኳር በጥቂት ውኃ አፍልተው ማር እስኪመስል ያወፍሩትና ሲቀዘቅዝ ቀለሙን ይጨምሩበት፤ ቀይ ብቻ ካደረጉበት በካሜራ ሮዝ ሊመስል ስለሚችል ቡና ወይም ካካዋ በማንኪያ ጫፍ እየጨመሩ በሚቀርጹበት መብራት ሥር ይሞክሩት። ስኳር ያለበት ነገር ሁሉ ዝንብና ጉንዳን ይጠራል፣ ልብስም ላይ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ይገተራል። ካምቤል ሽሮፕ የጠጣ ሸሚዙ እሳት ዳር ደርቆ እንደተሰበረበት ተናግሯል። ስለዚህ ለዋናው ተዋናይ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ቢያንስ ሦስት ይያዙ።

የፊልሙን መጨረሻ፣ በመንፈስ የተያዙት አካላት ቀልጠው የሚበሰብሱበትን ትዕይንት፣ ሱሊቫን ከባርት ፒርስ ጋር በሚቀረጽ ጭቃ ሠርተው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በአንድ በአንድ ፎቶ አንሥተዋል። ሥራው ወራት ፈጅቷል። በማያ ገጹ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ነገር ነው፤ ዛሬ ሲታይ ሰው ሠራሽነቱ ያስታውቃል፣ ግን ከኮምፒውተር በሚወጣ ምስል ላይ የማይገኝ የእጅ ክብደት አለው። እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ሲሆን ትዕግሥቱ ብዙ ነው፤ ተማሪ በመሆንዎ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ስላለዎት ይህ መንገድ ለእርስዎ የተሻለ ነው።

ከእነሬይሚ ልትወስዱት የማይገባው ለሰው አካል የነበራቸው ቸልተኝነት ነው። የመንፈሱን ነጭ ዓይን ለማሳየት ተዋናዮቹ ወፍራም የመስታወት ሌንስ ያደርጉ ነበር፤ ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ዓይን አየር ስለማያገኝም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ መቆየት አይችልም፣ በዚያ ላይ አድርገውት ሳለ ምንም አያዩም። ሊንዳን ሆና የተጫወተችው ቤትሲ ቤከር የፊት ቅርጿ በሚወሰድበት ጊዜ ቅርጹ ሲነሣ ሽፋሽፍቷ አብሮ ተነቅሏል። እነርሱም ወጣቶች ነበሩ፣ የሚመክራቸውም አልነበረም፤ እናንተ ግን ሰምታችኋል። የፊት ቅርጽ ለመውሰድ ስትፈልጉ ቅንድብና ሽፋሽፍትን በቫዝሊን በደንብ ሸፍኑ፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውን ሥራው እስኪያልቅ የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ለዓይን ደግሞ ከገበያ የተገዛ ባለ ቀለም ሌንስ የዓይን ሐኪም ሳያየው ለማንም አታድርጉ። የዓይኑን ቀለም በኤዲቲንግ መቀየር ይቻላል፤ ጊዜ ይወስድባችኋል እንጂ ማንንም አይጎዳም።